የገባ ሁሉ አይስማማም

ባለፈው ዓመት ለትምህርት ናይሮቢ በቆየሁበት ወቅት፣ የልጄን አሮጌ ጌምቦይ ለልክ ይዤ አዳፕተር ልገዛለት ወደ ሉቱሊ ጎዳና ወረድሁ። በ1989 እ.ኤ.አ. ለገበያ የዋለው ይህ መጫወቻ አራት የባትሪ ድንጋይ ይበላል፤ ባለቤቴም ከአስቤዛው እየቀነሰች ስትገዛለት ኖራለች።

ነጋዴው አንዱን አንሥቶ ከመጫወቻው ቀዳዳ ቢሰካው ልክ ገባ። ደስ ብሎኝ ከፈልሁ። ማታ በስልክ ባበሥራት፣ «የተጻፈበትን አንብበኸዋል?» አለችኝ። ባነበው 9 ቮልት ይላል! አንዱ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነውና የመጫወቻው ልክ 6 ብቻ ነው።

በማግሥቱ ተመልሼ ለወጥሁት። ቮልቱ እኩል መሆኑን፣ አምፔሩ ከሚፈለገው አለማነሱን፣ የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ ምልክቱም ከመጫወቻው ጋር መግጠሙን አንድ በአንድ መረመርሁ። የኬንያ መብራት 240፣ የእኛ 220 ቮልት ስለሆነ ሁለቱንም የሚችለውን መረጥሁ፤ ሦስት እግር ላለው ስፒናውም ወደ ሁለት ክብ እግር መለወጫ ጨመርሁለት።

ውድ አንባብያን፣ መኮንኑ በመልክ ሲታለል የቤቱን ሒሳብ የምትይዘው አረመችው። ይህንኑ ለልጃችን ስነግረው አላፈርሁም።