ስለ ትንሺቱ የጉዞ ቤታችንና ስለ መንገደኛ ጠባይ

የሰው ጠባይ የሚታወቀው ከቤቱ በወጣ ጊዜ ነው። በቤቱ ሳለ የሚበላው እንጀራና የሚተኛበት አልጋ የራሱ ስለ ሆነ ማንንም አያስቸግርም። መንገድ በወጣ ጊዜ ግን በከተማ ቢሆን ሆቴል ይገባል፤ ሆቴል በሌለበት ገጠር ቢመሽበት ወይ ማደሪያውን ይዞ ይሄዳል፥ ወይ ከሰው ደጅ ይቆማል። እኛም በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ስለ ኖርን፥ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፥ ከቡሬም ወዲያ ወደ ሽንዲ ባለው ገጠር ከቤተ ሰባችን ጋራ ስንመላለስ ስለ ማደሪያ ነገር የተረዳነውን ለክቡራን አንባቢዎች፥ ይልቁንም በሹመትና በሥራ ላይ ላሉት፥ በአጭሩ ለመግለጽ ወደድን።

የጉዞ ቤታችን አንዲት ትንሽ የፈረስ ጋሪ ናት። ከአሮጌ መኪና የወጣ የብረት ዘንግና ሁለት ጎማ አላት። ወለሏ የባሕር ዛፍ ሳንቃ ሲሆን ርዝመቱ አራት ክንድ፥ ወርዱም ሁለት ክንድ ተኩል ነው። በላይዋ አናጢው የቀርከሃ ቅስት አቁሞ ወፍራም ሸራ አልብሷታል፤ የፊቱና የኋላው ሸራ እንደ መጋረጃ ይዘጋል። ከሳንቃው በታች ሁለት ሣጥን ተሠርቶላታል፤ አንዱ ለስንቅ፥ ሁለተኛው ለፈረሱ ገብስ ነው። ሲመሽ ዳማውን ፈረሳችንን ፈትተን የጋሪዋን ፊት በሁለት ባላ እንደግፋለን። ባለቤታችንና ሴቷ ልጃችን ከውስጥ በሰሌንና በፍራሽ ላይ ይተኛሉ፤ እኛና ወንዱ ልጃችን ሌላ ሸራ ከጎን ዘርግተን ከጋሪዋ ሥር እናድራለን። ፈረሱም ጅብ እንዳይነካው ከአጠገባችን ይታሰራል።

በእንዲህ ያለች ጠባብ ቤት የሚሄድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ዕቃ መተውን መማር ይገባዋል። የእኛ ጓዝ ይህ ነው፦ በሶ፥ ቆሎ፥ ድርቆሽ፥ ሽሮና በርበሬ፤ ለመጀመሪያው ቀን ትኩስ ጭብጦ፤ አንድ ድስት፥ አንድ ጀበና፥ አራት ሲኒ፥ አንድ የውሃ ጀሪካን፤ ለየሰው አንድ ጋቢ፤ አንድ ፋኖስ፥ አንድ መጥረቢያ፥ ገመድ፥ የጎማ መለጠፊያና መንፊያ። ከቤት ከመነሣታችን በፊት ባለቤታችን ዕቃውን ሁሉ በሰሌን ላይ ትዘረጋዋለች፤ ሁለት አገልግሎት የሌለውም ዕቃ ወደ ጓዳ ይመለሳል። ጋቢው ቀን ልብስ፥ ማታ ብርድ ልብስ ነው። የስንቁ ሣጥን ክዳን ሲገለበጥ ገበታ ይሆናል። ገመዱ ቀን ጓዝ ያስራል፥ ማታ ፈረስ ያስራል።

ይህን ሥርዓት በመጀመሪያ የተማርነው ከቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ በትሩን ይዞ ከደብር ወደ ደብር ይሄዳል፤ በደረሰበትም ከየኔታ ደጅ ትንሽ ጎጆ ቀልሶ ይቀመጣል። ከዚያ ያነሰ ጓዝ በአገራችን የለም። ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት በገባን ጊዜ ዕቃን ሁሉ በየቦታው ማኖርንና የማደሪያን ንጽሕና መጠበቅን ስለ ተማርን ሁለቱን ትምህርቶች በጋሪዋ ላይ አንድ አደረግናቸው።

ማደሪያን ይዞ መሄድ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። «ከተማ» የምንለው ቃል ራሱ ጥንት የንጉሥና የጦር ሰፈር ማለት ነበረ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1520 ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን የድንኳን ከተማ በዓይኑ አይቶ ጽፎልናል። ነገር ግን ያ ታላቅ ሰፈር ድንኳኑን ይዞ ቢሄድም ምግቡን አይዝም ነበርና ያረፈበት አገር እህሉና እንጨቱ ያልቅ ነበር። በኋለኛውም ዘመን፥ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት፥ በንጉሥ ወይም በመኳንንት ትእዛዝ የሚሄድ መንገደኛ በየመንደሩ «ድርጎ» ይቀበል ነበር፤ ድርጎውንም የሚያወጣው ባላገሩ ነበረ።

የባላገሩን ልብ ለማወቅ የሚሻ ሰው የራሱን ተረት ይስማ፦ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፥ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላል። ይህን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ይሁን እንጂ ጭብጦዋን ማን እንደ በላት የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላት በፊቱ እንቢ ሊሉት የማይቻል መንገደኛ ነው።

በሌላውም ዓለም ቤቱን እየጎተተ የሚሄድ ሰው ሞልቷል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 ጎርደን ስቴብልስ የሚባል ስኮትላንዳዊ ሐኪም ለሽርሽር ብቻ የሚሆን የሠረገላ ቤት አሠርቶ ከእንግሊዝ እስከ ስኮትላንድ ኢንቨርነስ ተጓዘ። ሠረገላውም ሁለት ቶን የሚመዝን ሆኖ ሁለት ፈረሶች ይጎትቱት ነበር። በ1959 ደግሞ ዋሊ ባያም የተባለ አሜሪካዊ አርባ አንድ በመኪና የሚጎተቱ ቤቶች አሰልፎ ከደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ተነሣ፤ ወደ ግብጽ ካይሮ ሲሄድም በአገራችን አልፏል። በአዲስ አበባ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተቀብለዋቸው ነበር። የእኛ ጋሪ ከነዚህ አጠገብ ብትቆም የምትታይ አይደለችም። ሆኖም በቤት ትልቅነት እንግዳ አይከብርም፤ የሚከበረው ለሰው ሸክም ባለመሆኑ ነው።

መንገዳችንን ደግሞ እንናገር። በጉዟችን ቀን ንጋት ላይ ተነሥተን፥ ፈረሱን ከላህ ወንዝ አጠጥተን፥ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደውን አስፋልት እንይዛለን። ከባድ መኪና ስለሚበዛበት ጋሪ የሚነዳ ሰው ቀኙን ጠርዝ ሊለቅ አይገባውም። ማንኩሳ ስንደርስ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. የወጣውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ታሪክ ከዚህች አገር መጀመራቸውን ለልጆቻችን እንነግራቸዋለን፤ በዛብህም እንደ አባታቸው የቤተ ክህነት ተማሪ እንደ ነበረ ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ቡሬ ገብተን በርበሬ እንገዛለን። ከቡሬ አንዱ መንገድ ወደ ዓባይና ወደ ነቀምት ይወርዳል፤ ሌላው ወደ ባሕር ዳር ይወጣል፤ እኛ ግን የባለቤታችን እናት ወዳሉበት ወደ ሽንዲ በኩል እንታጠፋለን።

በ2010 ዓ.ም. በግንቦት ወር እኒህን እናት ለመጠየቅ ስንሄድ ከቡሬ ወዲያ ባለ አንድ ቀበሌ መሸብን፤ ዝናብም ጀመረ። ጋሪዋን ከወል ግጦሽ ዳር አቁመን ባላውን ስንተክል አንድ ሽማግሌ ጥላ ይዘው መጡና «ጌታዬ ጸሐፊ፥ ልጆችዎ በዝናብ ሊያድሩ ነውን? እሳቱ ነድዷል፥ በግም ታርዷል፤ ይግቡ» አሉን። ፊታቸውን በፋኖስ ብንመለከት የወሰን ክርክራቸው መዝገብ በእጃችን ያለ ሰው ሆነው አገኘናቸው። የባላጋራቸው ቤት ከወንዙ ማዶ ነበረ፤ ጭሱም ከቆምንበት ይታይ ነበር።

እኛ ዳኛ አይደለንም፥ አንፈርድም። ነገር ግን የምስክሩን ቃል የምንጽፍ እኛ ነን፤ አንዲት ቃል ብትጎድል ወይም ብትጨመር እርሻ ከሰው ወደ ሰው ልትሄድ ትችላለች። ዳኛና የፍርድ ቤት ሰው መማለጃ እንዳይቀበል ከጥንቱ ፍትሐ ነገሥት ጀምሮ በ1996 ዓ.ም. እስከ ወጣው የወንጀል ሕግ ድረስ ተከልክሏል። ሕጉስ ግልጽ ነው፤ አስቸጋሪው ነገር የሞቀ እሳትና የታረደ በግ መማለጃ ተብለው አለመጠራታቸው ነው። ስማቸው «እንግዳ መቀበል» ነው፤ ሴቷ ልጃችንም በብርድ ትንቀጠቀጥ ነበር።

ባለቤታችን ከጋሪዋ ወርዳ እጅ ከነሣች በኋላ እንዲህ አለች፦ «አባቴ፥ ቤትዎን ንቀን አይደለም። ዛሬ ከማዕድዎ የቀመስን እንደ ሆነ ከወንዙ ማዶ ያሉት ጎረቤትዎ እውነት ቢፈረድባቸው እንኳ እውነት ነው ብለው አያምኑም። እርስዎም ቢረቱ፥ የረታው በግዎ ነው ይባላል።» ሽማግሌው ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያስ ፈረሱ መዝገብ አይጽፍም፤ እርሱ ገለባ ይብላ» አሉ። ሁላችንም ሳቅን፤ ነገር ግን ለፈረሱም የራሱ ገብስ በሣጥኑ ነበረና ምርቃታቸውን ብቻ ተቀብለን ሸኘናቸው። ከሸራው ሥር ሽሯችንን ሠርተን በላን። ወንዱ ልጃችን ከሞቀ ቤት ስለ ምን እንዳልገባን በጠየቀን ጊዜ የጭብጦዋን ተረት ነገርነው። በማግሥቱ ንጋት ላይ ከወንዙ ማዶ ያሉት ሰው ወደ እርሻቸው ሲያልፉ ጋሪዋ ከወል ግጦሽ ቆማ አዩአት፤ «እንዴት አደራችሁ» ብለውን ሄዱ እንጂ ሌላ ነገር አልጠየቁንም።

ክርክሩ ተፈጸመ፤ ሽማግሌውም ተረቱ። በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር፥ የይግባኙ ጊዜ ካለፈ በኋላ፥ በዚያው መንገድ ስናልፍ ከደጃቸው ቆመው «ዛሬስ ጉዳይ የለኝም፤ እንግዲህ ምን ምክንያት አላችሁ?» አሉን። ገባን፥ በላንም፤ ባለቤታችንም የራሳችንን ቡና አውጥታ አፈላች። በጨዋታውም መካከል «ተረታሁ፤ ነገር ግን በምን እንደ ተረታሁ አውቃለሁ። መሬቴን የለካው ገመድ ነው እንጂ እንጀራ አይደለም» አሉ። በእኛ ዘንድ ለጋሪዋ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም።

ይህን ስንል የባላገሩን መስተንግዶ ሁልጊዜ መግፋት ይገባል ማለታችን አይደለም። በጎጃም እንግዳን መመለስ ነውር ነው፤ እንግዳም ሆኖ የቀረበለትን መግፋት ሌላ ነውር ነው። ስለዚህ ሥርዓት አበጅተናል። በደረስንበት መንደር ጋሪዋን ከማቆማችን በፊት ከባለ ይዞታው ፈቃድ እንጠይቃለን፤ በፍርድ ቤታችን ጉዳይ ያለው ሰው እንደ ሆነም አስቀድመን እናጣራለን። ጉዳይ ከሌለው የቡናውን ጥሪ በደስታ እንቀበላለን፥ እኛም ስንቃችንን ይዘን እንገባለን፤ ማደሪያችን ግን ጋሪዋ ናት። እንዲህ ሲሆን የቤቱ እመቤት ፍራሽዋን ለእንግዳ ለቅቃ ከመደብ ላይ አታድርም፥ ለዘር ያኖረችውንም እህል አታስፈጭም። ጨዋታው ያምራል፥ ሸክሙም ይቀራል።

ልጆቻችን ከዚህ ጉዞ ያገኙት ትምህርት ብዙ ነው። እንጨት መልቀም፥ ውሃ መቅዳት፥ የፈረስን ኮቴ መመርመር፥ የተነሡበትን ቦታ ጠርጎ መሄድ ያውቃሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የባላገር ልጅ ምን ያህል እንደሚሠራ በዓይናቸው ማየታቸው ነው። በቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ ባላገርን የሚያስተናግድ ሰው አስቀድሞ በባላገር ደጅ አድሮ ቢሆን ቃሉ የለዘበ ይሆናል ብለን እናምናለን።

ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምክንያት ጋሪያችን ከግቢያችን ቆማለች። የምንኖርባት ከተማ ስም ትርጓሜው «የሰላም መንገድ» ማለት ነው፤ በስሟ ውስጥ ያለውን ነገር ምን ያህል እንወደው እንደ ነበረ የተረዳነው መንገዱ በተዘጋ ጊዜ ነው። ባለቤታችን በየክረምቱ መግቢያ ሸራውን በሰም ታሻለች፤ ልጆቻችንም የጎማውን ንፋስ ይመለከታሉ።

እስከዚያው ድረስ ምክራችን አጭር ነው። ጋሪ ማሠራት ለሁሉ አይመችም፤ በሹመት መኪና የሚሄድም ፈረስ አያስፈልገውም። ነገር ግን ለሥራ ወደ ገጠር የሚወጣ ሰው ሁሉ አንድ ጋቢ፥ አንድ ድስትና የሦስት ቀን በሶ ከመኪናው ኋላ ሊያኖር ይችላል። ይህን ያደረገ ሰው ባላገሩ ቤት ሲገባ ወድዶት የጠራው እንደ ሆነ ያውቃል፤ ባላገሩም ጭብጦውን ሲያቀርብ ወድዶ ያቀርባታል።