ከጥይቱ በፊት መሳት

ቁይ ላይ ጎረምሶች ሳለን፣ ወታደር የነበሩት አጎታችን ሽጉጥ አስያዙን። የመጀመሪያው ጥይታችን ከዒላማው በታች አፈር ላይ ተቀበረ። እሳቸውም ጥይቱን በሙሉ አወጡና በባዶው ሽጉጥ ጫፍ ላይ ሳንቲም አስቀመጡ። ሳንቲሙ ሳይወድቅ ቃታውን ቀስ አድርገን መሳብ ነበረብን። ደጋግሞ ወደቀ። «ድምፁን ፈርታችሁ አፈሙዙን ትደፉታላችሁ፤ የምትስቱት ሳይተኮስ ነው» አሉን።

መሳፍንት 20፥16 ጠጉር ስለማይስቱ ባለ ወንጭፎች ይናገራል። ነገረ መለኮት ስንማር፣ እዚያ «መሳት» የተባለው የዕብራይስጥ ግስ በሌላ ስፍራ «ኃጢአት መሥራት» ተብሎ እንደሚተረጎም አወቅን።

በቅርቡ አንድ ማታ ልጃችንን በክፉ ቃል ተናገርነው። እራቱን ትቶ ተነሣ። ቃሉ ያመለጠን ማታ ነው፤ የሳትነው ግን ጠዋት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ በሌላ ሰው ላይ ቂም ይዘን ውለናል። በሩን አንኳኩተን ይቅርታ ለመንነው። መጋቢ መሆናችን ያን ደጃፍ አላቀለለልንም።

ወገኖች፣ ምላሳችን ሳይተኮስ በፊት ልባችን በጓዳ ይለማመድ፤ ማንም በማያይበት፣ በጌታ ፊት፣ ቀስ ብሎ። ዛሬ ማታ የምናንኳኳው በር ይኖር ይሆን?