ፈቃድ ከርክክብ ይጀምራል

ፈቃድ የሚለውን ቃል ስንሰማ አስቀድሞ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ዕረፍት ነው፤ ሻንጣው፣ መንገዱ፣ የዘመድ ደጃፍ። ከዚያ በፊት ስላለችው የመጨረሻ የሥራ ቀን ግን እምብዛም አናነሣም። ያቺ ቀን ከዓመቱ ቀናት ሁሉ የምትከብድ መሆኗን መሥሪያ ቤት ውላ የምታውቅ እህት ሁሉ ትመሰክራለች። እኔም በጋዜጣ ሥራ ላይ ያለሁ ነኝና የሦስት ሳምንት ጽሑፍ በአንድ ቀን አስረክቦ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ አውቀዋለሁ። ይሁን እንጂ የእኛ ሥራ ቢጓደል ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ይጠብቀናል። ወታደር ሳያስረክብ የሄደው ነገር ግን በሌላ ሰው ሕይወት ላይ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

ይህን እንዳስብ ያደረገችኝ በጊንጪ የምትኖረው አክስቴ ልጅ ናት። ጊንጪ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የደንዲ ወረዳ ከተማ ናት። ጥቁር አፈሯ በክረምት እግር ይዞ አላስኬድ ቢልም ጤፉንና ስንዴውን፣ ሽምብራውንና ጓያውን የሚያበቅለው እርሱ ነው። የአክስቴ ልጅ ከዚህ ወጥታ የሠራዊቱ አባል ከሆነች ዓመታት አልፈዋል። ማዕርጓ ሃምሳ አለቃ፣ ሥራዋም የሕክምና ሥራ ነው። የአራት ዓመት ወንድ ልጇን የምታሳድግላት እናቷ ናት። ስሟንና ክፍሏ ያለበትን ቦታ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ ቃሏን አከብራለሁ። ስለዚያች የመጨረሻ ቀን ግን ቡና እየጠጣን ያጫወተችኝን እንድነግራችሁ ፈቅዳልኛለች።

ፈቃዷ ሃያ ቀን ነው፤ ከነመንገዱ። ስለዚህ አንድም ቀን እንዳይባክንባት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሣች። መጀመሪያ የሄደችው ወደ መድኃኒት ክፍሉ ነው። ከምክትሏ ጋር ሆነው ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ቆጠሩ፤ የወባውን መድኃኒት፣ የሕመም ማስታገሻውን፣ ጉሉኮሱን፣ ፋሻውን፣ መርፌውን። ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበውን ከፊት፣ ገና የሚቆየውን ከኋላ አደረጉ። በመዝገቡና በመደርደሪያው መካከል የሁለት ጥቅል ፋሻ ልዩነት ተገኘ። «ሁለት ፋሻ ምን አላት!» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። እርሷ ግን አላለፈችውም። ቁጥሩ ካልገጠመ ምክትሏ የሚፈርመው ባላየው ዕቃ ላይ ነው። ሲፈልጉ ፋሻዎቹ ለድንገተኛ ጥሪ በተዘጋጀው ቦርሳ ውስጥ ተገኙ። ቅጹም በሦስት ኮፒ ተሞልቶ አስረካቢ፣ ተረካቢና ታዛቢ ፈረሙበት።

ከዕቃው ይልቅ የከበዳት የሰዎቹ ርክክብ ነበር። በክትትሏ ሥር ያሉትን ሕሙማን አንድ በአንድ ለምክትሏ አስተዋወቀች። አንደኛው ቁስሉ በየሁለት ቀኑ መታጠብ አለበት። ሌላው መድኃኒቱን ሲሻለው የሚያቋርጥ ስለሆነ ፊቱ ቆሞ ማስዋጥ ያስፈልጋል። ሦስተኛው ሕመሙ ሌሊት እንቅልፍ ማጣት ነው፤ እርሱን ማዋራት እንጂ ክኒን ብቻ መስጠት አይበቃም። «ይህ በየትኛው ቅጽ ይሞላል?» አለችኝ። እርሷም በቅጽ ስላልተሞላ በደብተር ጽፋ ሰጠችው።

ከዚያ ጠመንጃዋን ጠርጋና አጽድታ ወደ መሣሪያ ግምጃ ቤት ወሰደች። ቁጥሩ ታየ፤ ካዝናውና ጥይቱ ተቆጠረ። የፈቃድ ወረቀቷን ለማስፈረም ስትሄድ አዛዡ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለች። ደጅ ቆማ ስትጠብቅ ጓደኞቿ በየተራ መጡ። አንዱ ለእናቱ የምታደርስለት ገንዘብ፣ ሌላዋ ለእኅቷ የምትሰጥላት ደብዳቤ፣ ሌላው ደግሞ «እግረ መንገድሽን» የሚላት ጉዳይ ነበራቸው። ሁሉንም ስም እየጻፈች ተቀበለች። ወረቀቱ የተፈረመው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

ቀኑ ግን በዚህ አላበቃም። ማታ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ትኩሳት ያንቀጠቀጠው አንድ ወጣት ወታደር በሸክም መጣ። እንደ ልማዷ ሮጣ ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ቁልፉ በምክትሏ እጅ መሆኑ ትዝ አላት። ገፍታ አልገባችም፤ ከጎኑ ቆማ አየችው። ምክትሏ ጠዋት አብረው ከቆጠሩበት ቦታ መድኃኒቱን በአንድ ጊዜ አነሣ፤ ደሙን መርምሮ፣ ውሃ አስጀምሮ መዝገቡን ሞላ። «ፈቃድ የወጣሁት ያን ጊዜ ነው» አለችኝ። «ወረቀቱ ሲፈረም አይደለም። እኔ ሳልነካው ሥራው ሲሠራ ሳይ ነው።»

አንባቢያን ሆይ፤ ወታደርና ቤተሰቡ ተለያይተው በፈቃድ ቀን ብቻ መገናኘታቸው በአገራችን ከጥንት የነበረ ነገር አይደለም። በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ የዘመተው ሠራዊት ከነቤተሰቡ የተጓዘ ነበር። ሴቶች እህል እየፈጩ፣ ውሃ እየቀዱ፣ ስንቅ እያዘጋጁ፣ ቁስለኛ እያነሡ አብረው ዘምተዋል፤ እቴጌ ጣይቱም ከመካከላቸው ነበሩ። ዘመናዊ ሥልጠናና ጦር ሠፈር ሲመጣ ግን ቤትና ሠራዊት እየተለያዩ ሄዱ። ከአዲስ አበባ ወደ ጊንጪ ስትሄዱ የምታልፏት ሆለታ በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት የጦር ትምህርት ቤት የተከፈተባት ከተማ ናት። በ1975 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ የውትድርና አገልግሎት በአዋጅ በተደነገገ ጊዜ የብዙ ቤት ልጅ ካምፕ ገባ። አክስቴ ስለዚያ ዘመን ስታወራ፣ ደብዳቤ ይዞ የሚመጣ መንገደኛ እንደ ሠርገኛ ይጠበቅ እንደነበር ትናገራለች።

ፈቃድ ለወታደር እንደ ችሮታ የሚታይ ነገር አለመሆኑን ከሌላው ዓለም ታሪክም እንማራለን። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1909 ዓ.ም.፣ በርካታ የፈረንሣይ ጦር ክፍሎች ወደ ፊት አንሄድም ብለው አመፁ። በከንቱ ማለቃችን ይብቃ ከማለታቸው ጋር ካሰሟቸው ቅሬታዎች አንዱ ቤተሰባቸውን የሚያዩበት ፈቃድ መነፈጋቸው ነበር። አዛዥነቱን የተረከቡት ጄኔራል ፔታን አመፁን በቅጣት ቢያበርዱትም በቅጣት ብቻ አልተወሰኑም፤ ምግቡን አሻሻሉ፤ በየአራት ወሩም የ7 ቀን ፈቃድ እንዲከበር አደረጉ። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛው የመጀመሪያ ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። የሠራዊቱ አባላት ግን የሚተዳደሩት በራሳቸው ሕግ እንጂ በዚህ አዋጅ አይደለም። ግዳጃቸው ከማናችንም ሥራ የተለየ ስለሆነ፣ የተፈቀደላት ቀን ስትመጣ በቤት በኩል ልትባክን አይገባም።

እዚህ ላይ ነው እኛ ቤት ያለነው ጥያቄ የሚነሣብን። በካምፑ በኩል ፋሻ ሳይቀር ተቆጥሮ ርክክብ ተደርጓል። በቤት በኩልስ?

የአክስቴ ልጅ ጊንጪ ስትደርስ እናቷ «ባጋ ነጋን ዱፍቴ» ብላ እያለቀሰች ተቀበለቻት፤ እንኳን በሰላም መጣሽ ማለቷ ነው። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ቡና ተፈላ። ልጁ ግን ከአያቱ ቀሚስ ጀርባ ተደበቀ። እናቱን የሚያውቃት በስልክ ነበርና «እማዬ ስልክ ውስጥ ናት» እያለ አላምን አለ። አክስቴም በደግነቷ «አንቺ ደክመሻል፣ ዕረፊ» እያለች ልጁን ራሷ ታበላለች፣ ራሷ ታጥባለች፣ ራሷ ታስተኛለች። እንዲህ እየተባለ ሁለት ቀን አለፈ፤ እናት በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆና ተቀመጠች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጅቱ ደብተር ይዛ እናቷ አጠገብ ተቀመጠችና «እማዬ፣ አስረክቢኝ» አለቻት። አክስቴ መጀመሪያ ሳቀች። በኋላ ግን ቆም ብላ አሰበችና ትናገር ጀመር። ልጁ የሰው ጆሮ ካልያዘ እንቅልፍ አይወስደውም። ወጥ ካልበረደለት አይቀምስም። የባጃጅ ጥሩምባ ያስደነግጠዋል። ባለፈው ክረምት ሳል ይዞት ሁለት ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄዷል። ማታ ማታ «እማዬ መቼ ትመጣለች?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ ግን ትቶታል። ይህን የመጨረሻውን ስትሰማ የልጅቱ እጅ መጻፉን አቆመ። ብዙ ጸጥታ ሆነ። ከዚያ እንደገና መጻፍ ጀመረች።

የዚያን ቀን ማታ ልጁን ያስተኛችው እናቱ ናት። አልቅሷል፤ አያቱንም ተጣርቷል። አክስቴ በሩ ላይ ሁለት ጊዜ ደርሳ ሁለት ጊዜ ተመልሳለች። ሳምንቱ ሳያልቅ ግን ልጁ የእናቱን ጆሮ ይዞ መተኛት ለመደ። ፈቃዱ ሲያልቅ ደግሞ ልጅቱ በተራዋ ለእናቷ አስረከበች፤ አዲስ የለመደውን ጨዋታ፣ የገባችለትን ቃል፣ በስንት ሰዓት እንደምትደውልለት። አክስቴም ከገብስና ከቅቤ የተሠራ ጭኮ ቋጥራ ሸኘቻት።

ስለዚህ የወታደር እናት፣ ሚስት፣ ባል ወይም እኅት የሆናችሁ ሁሉ፣ የሚመጣው ሰው ትናንት ማታ ድረስ ሥራ ላይ እንደነበረ አትዘንጉ። ድግሱ ደስ ይላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሁሉ ለጎረቤትና ለዘመድ አትስጡበት። የቤቱን ነገር ሳትደብቁ ንገሩት፤ የታመመ ካለ፣ ዕዳ ካለ፣ ልጁ በትምህርት ከደከመ። ላለማሳሰብ ብላችሁ የምትደብቁት ነገር ከቤቱ ባይተዋር ያደርገዋል። ልጆቹንም ለአንድ ምሽት ቢሆን ለእርሱ ወይም ለእርሷ ልቀቁ። ጥቂት ቢያለቅሱ አይጎዱም።

በጦር ሠፈር ሁለት ጥቅል ፋሻ እስኪገኝ ድረስ ማንም አይፈርምም። በቤታችንም ሕፃን ልጅ ከዚያ ያነሰ ጥንቃቄ አይገባውም።