የሳጥኑ ትኩሳት

እኛ አገር «ሲፒዩ» ማለት ሳጥኑ በሙሉ ነው። «ሲፒዩውን ከጠረጴዛው ሥር አውጣው»፣ «ሲፒዩው ይጮህብኛል» እንላለን። እውነተኛው ሲፒዩ፣ ፕሮሰሰሩ ማለቴ ነው፣ ከሳጥኑ ሆድ የተሸሸገ፣ ሥራ የሚሠራው ክፍሉም ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ የማይበልጥ ነገር ነው። ግን ጥፍሩን አትናቁት። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ኮር አይ 7 13700ኬ ሥራ ሲጠናበት እስከ 253 ዋት ይበላል። በእናቶቻችን ቋንቋ፣ ባለ 60 ሻማ አምፖል አራቱን አንድ ጥፍር ላይ ማብራት ማለት ነው። አምራቹ የፈቀደለት የሙቀት ጣሪያ 100 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የቀረው ጀበና መጣድ ነው!

ይህን የማወራው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር የሠፈራችን ልጅ አለ። ጥር ሲገባ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለውም። የሦስት ካሜራ ቀረጻ፣ መልሱ፣ ቅልቅሉ፣ ሁሉም ተግተልትሎ እሱ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ይህ ልጅ ቁጠባውን አሟጥጦ ከላይ የጠቀስኩትን ፕሮሰሰር ገዛ። ይኸኛው ዓይነት ማቀዝቀዣ ይዞ አይመጣም፤ ለብቻው ይገዛል። ገንዘቡ አልቆ ነበርና የድሮውን፣ አንዲት ትንሽ ፋን ያለችውን ገጠመበት።

ኮምፒውተሩ አልተቃጠለም። ቢቃጠል እኮ ነገሩ ቶሎ ይታወቅ ነበር። የዘመኑ ፕሮሰሰር ጣሪያው ላይ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ሥራውን ያቀዘቅዛል፤ ለግሞ ቁጭ ይላል። አንድ ሰዓት ይፈጅ የነበረው ሥራ ሦስት ሰዓት ይሆናል። በሁለተኛው ሰዓት ላይ ደግሞ መብራት ይሄዳል። እንደገና ከሀ! ቀብዱ ተበልቷል፣ የሙሽሪት እናት በቀን አራት ጊዜ ትደውላለች። «ጋሼ፣ አብረን እንሂድና ማቀዝቀዣ እናስመርጥ» አለኝ፤ ሄድን።

ነጋዴው ያወጣልን ባለ ውኃውን ነው። ሦስት ፋን፣ ሁለት ጎማ፣ እንደ ምሽት ክበብ ቀይና አረንጓዴ የሚል መብራት። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ውኃ ነው!» ይለኛል፣ ጠበል የሚሸጥልኝ ይመስል። መብራቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ሰርጋችንም፣ ፎቃችንም፣ ታክሲያችንም እንደዚያው ነው፤ የሚታየው ላይ እንከፍላለን። ውኃው ግን ሙቀቱን አይበላውም። ከፕሮሰሰሩ ላይ ተሸክሞ ሳጥኑ ጫፍ ያለው ራዲያተር ጋ ያደርሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያባርረው ያው ፋንና ያው አየር ነው። አልክድም፣ ትልቁ ባለ ሦስት ፋኑ 250 ዋት ለሰዓታት ለሚነድበት ሰው ከሁሉ የተሻለ ያቀዘቅዛል። ነገር ግን ፓምፕ አለው። ፓምፑ አንድ ቀን ቀጥ ሲል በጥር እኩለ ሌሊት ማን ጋ ይኬዳል?

ሌላኛው መንገድ ብረቱ ነው፤ ባለ ማማው። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው አሠራሩ ይገባዋል። ሁለት ጫፉ በተደፈነ የመዳብ ቱቦ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ፣ ብዙውን ጊዜ ውኃ አለ። አየሩ ተመጥጦ ስለወጣ ውኃው ገና በትንሽ ሙቀት ይተናል። እንፋሎቱ ስስ የአልሙኒየም ክንፎች ወዳሉበት ቀዝቃዛ ጫፍ ይሄዳል፤ እዚያ ሙቀቱን አራግፎ ጠብታ ይሆንና በቱቦው የውስጥ ግድግዳ ተስቦ ወደ እሳቱ ይመለሳል። ከአረቄው የሚለየው ጠጪ ስለሌለው ነው። የሚበላሽ ነገሩ ፋኑ ብቻ ነው፤ እሱንም ከየትኛውም ሱቅ ገዝቶ በሽቦ መቆለፊያው መሰካት ነው።

እዚህ ላይ የከተማችንን አየር መርሳት አይገባም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምንኖር አየራችን ከጠረፉ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለሯጮቻችን በጅቷል፤ ለፕሮሰሰር ግን አይበጅም። ፋኑ ያንኑ ዙር ይዞራል፣ የሚገፋው አየር ግን ቀላል ስለሆነ ተሸክሞ የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። በእርግጥ የክፍሎቻችን ቅዝቃዜ ትንሽ ይክሰናል። ቢሆንም እኔ ለአዲስ አበባ ሰው ሁልጊዜ የምለው፣ ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው ዋት ላይ ጥቂት ቀንሰህ አስብ፣ ብረት ጨምር ነው።

ልጁ የመረጠው ስድስት ቱቦና ሁለት ፋን ያለውን ተርማልራይት ፒርለስ አሳሲን 120 ኤስኢን ነው። ቁመቱ 15.5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የሳጥኑን ወርድ ቀድመን በማስመሪያ ለክተን ነበርና ክዳኑ ተዘጋ። የኦስትሪያዎቹ ኖክቱዋ ኤንኤች-ዲ15 ቢሆን 16.5 ነው፣ ክብደቱም ከነፋኖቹ 1.3 ኪሎ፤ አከራይ በጨመረ ቁጥር ኮምፒውተር ታቅፎ ቤት ለሚቀይር ሰው ማዘርቦርዱ ላይ ይህን ያህል ብረት ማንጠልጠል ያሳስባል። አሮጌ ማቀዝቀዣ በርካሽ ላገኘ ደግሞ አንድ ነገር ልንገረው፦ የኢንቴል 1700 መግጠሚያ የቀዳዳዎቹ ርቀት ከቀድሞው 1200 ይለያል። ትክክለኛው ማሰሪያ ከሌለው በክርና በላስቲክ አይያዝም።

ፔስቱን የአተር ፍሬ ያህል አድርገን መሐሉ ላይ ጠብ አደረግንና ከታች ያለችውን ስስ ላስቲክ ላጥን። (ላስቲኳ ሳትላጥ የተገጠመች ማቀዝቀዣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያውም የእጅ ዋጋ ተከፍሎባት።) ከዚያ ከማንኛውም ግዢ የበለጠ የጠቀመውን ነገር አደረግን፤ ከነዋጋውም ነጻ ነው። በባዮሱ ገብተን የፕሮሰሰሩን የኃይል ጣሪያ ከ253 ወደ 180 ዋት አወረድነው። ፍጥነቱ የቀነሰው በጥቂቱ ብቻ ነው፤ ያ የመጨረሻው 70 ዋት አብዛኛው ለጉራ የሚነድ ነበር። ሙቀቱ ከ100 ወርዶ ሰማንያዎቹ ውስጥ ተቀመጠ። የዚያን ሌሊት ሥራው መብራት ሳይሄድ አለቀ።

«የግራፊክስ ካርዱንስ ማቀዝቀዣ እንቀይረው?» አለኝ፣ ልቡ ሞቆ። ካርዱ 170 ዋት የሚበላው አርቲኤክስ 3060 ነው። ተወው አልኩት። ካርዱ ላይ ያለው የፋብሪካው ማቀዝቀዣ ይበቃዋል፤ ያነቀው አቧራ ነው። ግማሽ ከተማ እየፈረሰ ግማሹ በሚሠራበት አገር በዓመት ሁለቴ ሳይጸዳ የሚቀዘቅዝ ነገር የለም። ልጆቹ ጎሚስታ ቤት ወስደው ያስነፉታል፤ የጎማው ኮምፕሬሰር ግን ውኃም ዘይትም ይተፋል፣ ፋኑም በጣት ካልተያዘ ከመጠን በላይ ሲሽከረከር ይሰበራል። በለስላሳ ብሩሽና በትንሽ የእጅ መንፊያ፣ ፋኑን ይዞ፣ በትዕግሥት ነው።

አሁን አቧራው ከበሩ ይቁም ብሎ አየር በሚገባበት በሳጥኑ ፊት ላይ የሴት ስቶኪንግ ወጥሮበታል። በየሳምንቱ ያጥበዋል። እኅቱ የሌላኛውን እግር አጣማጅ እየፈለገች ነው፣ እስካሁን አልነገራትም።