ቆሽት

አማርኛችን ቆሽትን የሚያውቀው በንዴት ነው። ልጅ ሲያስቸግር የእናት ቆሽት ያርራል፤ ያበደረ ሰው ገንዘቡን ሲከለከል «ቆሽቴ ደበነ» ይላል። ይህ አካል ከጨጓራ ጀርባ ተጋድሞ ምግብ የሚፈጭበትን ፈሳሽና ስኳር የሚቆጣጠረውን ኢንሱሊን የሚያመነጭ መሆኑን ግን ብዙዎቻችን ከትምህርት ቤት ደብተራችን ጋር ጥለነዋል። እኔም ዳግም የተማርኩት አባቴን ሳስታምም ነው።

አባባ ቆሽታቸው አርሮ አያውቅም ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ አርሮም ከሆነ ጢሱን ያየ የለም። በሲያደብርና ዋዩ፣ ከደነባ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ጥቁር መሬት ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ አርሰዋል። ያን አፈር የማያውቅ ትዕግሥታቸውን ሊረዳ አይችልም። ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ የጠጣውንም አለቅ ብሎ የስንዴውን ሥር ያንቅና ቅጠሉን ቢጫ ያደርገዋል። በጋ ሲሆን ደግሞ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኢልካ በሚል አጠራር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ማዕከል፣ ሁለት ማረሻ አጣምሮ ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ለጥቁር አፈር ገበሬ ሠርቶ ነበር። አባባ አይተውት «ደግ ነው፤ ለበሬዎቼ ግን ይከብዳል» አሉና በራሳቸውና በልጆቻቸው እጅ ቀጠሉ። ከዝናብ በኋላ በባዶ እግራችን ወርደን ጭቃውን እየዛቅን ቦይ እንጠርጋለን፤ እርሳቸው ከፊት ከፊት እየሄዱ የተደፈነበትን በዱላቸው ጫፍ ነካ ያደርጋሉ። ብዙ አይናገሩም ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ላይ ከሱ። ጾሙ ነው ተባለ። በፋሲካ ዶሮ ወጡን ቀምሰው ሲገፉት የደነገጠች እናቴ ብቻ ናት። ግንቦት ላይ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፤ ሽንታቸው ጠቆረ፤ ሌሊቱን ገላቸውን ሲያኩ ያድሩ ጀመር። ጎረቤት «ወፍ ነው» አለ። የሌሊት ወፍ የሸናበት ሰው ቢጫ ይሆናል የሚለው እምነት በእኛ ዘንድ ጽኑ ነው፤ ቅጠል የሚያውቅ ሰው ተጠራ። ሕመም የሚባል ስላልተሰማቸው የቸኮለ አልነበረም። የዚህ ነቀርሳ ተንኮሉም ይኸው ነው፤ ጥልቅ ቦታ ተሸሽጎ ያድግና የሐሞትን መውረጃ ሲጫን ዓይን ይመሰክርበታል። አለን ዊፕል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1935 ያሳወቀው ከባድ ቀዶ ሕክምና አለ፤ የሚጠቅመው ግን በጊዜ ለተደረሰበት ነው። በባለጸጋዋ አሜሪካ እንኳ በሽታው ከተገኘባቸው መቶ ሰዎች አምስት ዓመት የሚቆዩት 13 ያህሉ ናቸው።

አዲስ አበባ አመጣናቸው። ሲቲ ስካን ከተነሡ በኋላ ሐኪሙ ልጆቹን ለብቻ ጠርቶ ጉበታቸው ድረስ መዝለቁን ነገረን። ለእርሳቸው እንዳይነገር ተስማማን። መርዶ በንጋት፣ ሰው በዘመድ ተከቦ በሚነገርበት አገር አንድ ሰው የራሱን መርዶ በቀትር፣ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጦ እንዴት ይሰማል?

ሐኪሙም ቱቦውን ብቻ አስረዳቸው። «የሐሞት መውረጃዎ ተደፍኗል አባቴ፤ ትንሽ ቱቦ እናስገባለን።»

«ቦዩ ተደፍኖ ነዋ!» አሉ፤ ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር። ከዚያ ጥቂት አሰቡና «ውሃውስ ይውረድ፤ የደፈነው አፈር የት ይሄዳል?» ብለው ጠየቁ።

ሐኪሙ ወደ እኛ ተመለከተ። እኛ ወደ መስኮቱ።

ቱቦው ሥራውን ሠራ፤ ዓይናቸው ቀስ በቀስ ነጣ። ደነባ ሲመለሱ ጎረቤቱ ሁሉ ወፉ በረረ ብሎ እልል አለ። ነሐሴ 10 ቀን አሜሪካዊቷ ድምፃዊት አሪታ ፍራንክሊን በቆሽት ነቀርሳ ማረፏን ሬዲዮ ሲናገር እኅቴ ተንደርድራ ልትዘጋው ሄደች።

«ተዪው፤ ትዝፈን። ማን ናት?»

«የአሜሪካ ዘፋኝ ናት፤ ሞተች።»

«በምን?»

እኅቴ መልስ አጣች። አባባ ነጠላቸውን ሰብስበው «ነፍስ ይማር» አሉና እስከ መጨረሻው አዳመጧት።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ታላቅ ወንድሜን እያስጠሩ ያጫውቱት ነበር። ለማን ስንት ቁና እህል እንዳበደሩ፤ የትኛው ወሰን ድንጋይ ከቦታው እንደተነቀነቀ፤ የዕድሩ መዋጮ እስከ የት እንደተከፈለ። ስለ ራሳቸው አንድም ቃል የለም። ሕመሙ ወደ ጀርባቸው ዞሮ መቀመጥ ሲከለክላቸው እንኳ ጎንበስ ብለው ያወሩት ስለ ታችኛው ማሳ ነው፦ «በመስከረም እንዳትቸኩልበት። ውሃው ሳይወርድ ምስር ብትዘራ ይበሰብስብሃል።» ያን ሌሊት፣ እንዳይሰሙ ብለን ወራት የለፋንበትን ነገር ከእኛ ቀድመው ጨርሰው እንደተቀመጡ ገባኝ።

መስከረም 8 ቀን 2011 ዓ.ም. ንጋት ላይ አረፉ። በሣልስቱ ማግስት ወንድሜ ከለቀስተኛው መሐል ጠፋ። ሳገኘው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ታችኛው ማሳ ላይ ቦይ ይጠርጋል። እኔም ጫማዬን አውልቄ ወረድኩ። ጭቃው ይቀዘቅዝ ነበር።

ምስሩ የተዘራው መስከረም 22 ቀን ነው። ዘገያችሁ ያሉን ነበሩ።