የአንጎል ዕጢ ጨረርን በዕለት ስሜት አትመዝኑት

የአንጎል ዕጢ ጨረር የታዘዘለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው ማሽኑን ነው። ከማሽኑ ጋር የሚያልፈው ጊዜ ግን ከሁሉም ቀላሉ ነው። በሙቅ ውኃ የለሰለሰ ፕላስቲክ ፊት ላይ ተደርጎ ሲቀዘቅዝ ጭምብል ይሆናል፤ ጭንቅላት እንዳይነቃነቅ ከአልጋው ጋር የሚይዘውም እሱ ነው። ጠባብ ነገር የሚያስጨንቀው ሰው አስቀድሞ ይናገር፣ ያግዙታል። ጨረሩ አይታይም፣ ሲሰጥም አያምም። ከውጭ የሚሰጥ ጨረር ሰውነት ውስጥ ስለማይቀር ልጅ ማቀፍም አያስፈራም። ከባዱ ነገር ሌላ ነው፦ የጨረር ውጤትም ጉዳትም ዘግይቶ ይመጣል፣ እኛ ግን መድኃኒትን የምንመዝነው ዛሬ በተሰማን ነው።

ጨረር የዕጢውን ሴል ዲኤንኤ ይሰብራል፤ ሴሉ ግን ብዙ ጊዜ የሚሞተው በኋላ፣ ሊከፈል ሲል ነው። ግሊዮብላስቶማ ለሚባለው አደገኛ የአንጎል ዕጢ የተለመደው መጠን 60 ግሬይ (የጨረር መለኪያ) ሲሆን፣ በ30 ቀን ተከፋፍሎ ከሰኞ እስከ ዓርብ ለስድስት ሳምንት ይሰጣል። የሚከፋፈለው ጤናማው የአንጎል ክፍል በመሐል እንዲያገግም ነው። ፀጉር ጨረሩ በሚያልፍበት ቦታ የሚረግፈው ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ድካሙ እየበረታ ሄዶ ሕክምናው ካለቀም በኋላ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚነሳ ኤምአርአይ እንኳ ዕጢው ያደገ ሊያስመስል ይችላል፤ አንዳንዴ የሚታየው ጨረሩ ያስከተለው እብጠት ነው። በዚህ መሐል «ባሰብኝ» ብሎ ማቋረጥ ለዕጢው ጊዜ መስጠት ነው።

ታዲያ ሁሉንም ችሎ ዝም ይባል? አይባልም። የሚጥል ሕመም፣ አዲስ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ ትውከት ያለው ከባድ ራስ ምታት በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ያስኬዳል። «ካላዳነ ምን ያደርጋል?» ለሚልም መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ጨረር ያላገኙትን ካገኙት ጋር ሲያነጻጽር፣ ግማሾቹ ታማሚዎች በሕይወት የቆዩበት ጊዜ ከ14 ሳምንት ወደ 35 ገደማ ከፍ ብሏል። በ2005 ደግሞ ቴሞዞሎማይድ የተባለው ክኒን ሲጨመር፣ ሁለት ዓመት የኖሩት ከመቶ 10 ገደማ ከነበሩበት ወደ 26 ደረሱ። ፈውስ ነው ብሎ መሸንገል አይገባም፤ ትንሽ ነው ብሎ መናቅም እንደዚያው። በአገራችን ለረጅም ዘመን ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ተራ ለደረሰው ሰው አንዷ ቀጠሮ ምን እንደምታወጣ ቤተሰብ ያውቃል። ጸበል የምትሄዱ ሂዱ፤ ቀጠሮውን ግን አትዝለሉ፣ ለእብጠት የታዘዘውን ዴክሳሜታዞንም ሐኪሙን ሳትጠይቁ በድንገት አታቁሙ።