አየሩ በየት ይውጣ?

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ሃይላንድ ነው። ሳቅ ከመጣባችሁ ሳቁ፤ እኔን ግን ለብዙ ጊዜ አላሳቀኝም።

ተወልጄ ያደግኩት ውጫሌ ነው። የውጫሌ ልጅ የትም ቢሄድ ስለ ውሉ መጠየቁ አይቀርም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛ አንድ፣ በጣልያንኛ ሌላ ትርጉም ይዞ ነገሩ ዓድዋ ላይ እንደደረሰ ገና በልጅነታችን እንሰማለን። እኔና ጓደኛዬ ስምንተኛ ክፍል ሳለን ግን ጭንቀታችን ሌላ ነበር፤ የሳይንስ ኤግዚቢሽን። ያሸነፈ ደሴ ይሄዳል ተባለ። ደሴን አይቶ የማያውቅ ልጅ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱት።

ሐሳቡ የጓደኛዬ ነበር። ሰሌዳ በተጠረገ ቁጥር የጠመኔው ብናኝ ፊት ለፊት የምንቀመጠውን ያስለን ነበርና «አቧራ የሚስብ ማሽን ለምን አንሠራም?» አለኝ። ቫኪዩም ክሊነር በፊልም ካልሆነ በቀር አይተን አናውቅም። ቢሆንም ጀመርን። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ታችኛውን ጫፍ ቆረጥን። ከቲማቲም ጣሳ የማራገቢያ ክንፍ አወጣን። ሞተሩን ጓደኛዬ ከትንሽ ወንድሙ የተሰበረ የአሻንጉሊት መኪና ፈታ፤ «እመልስልሃለሁ» ብሎ በከረሜላ አባብሎት ነው። አራት የባትሪ ድንጋይ ደርድረን 6 ቮልት አገኘን። በአፉና በክንፉ መካከል ደግሞ ብናኙን እንዲይዝ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ወጠርን። ከዚያም የተቆረጠውን ጫፍ መልሰን በፕላስተር ጥርቅም አድርገን ዘጋነው።

ክንፉ ዞረ፤ ግን አንዲት ወረቀት እንኳ አልሳበም። የፊዚክስ መምህራችን ገልበጥ አድርገው አዩትና «አየሩ በየት ይውጣ?» ብለው ብቻ ሄዱ። ማታውን ሚስማር በእሳት አግለን የኋላውን ጫፍ ዙሪያውን በሳነው። ወዲያው የጤፍ ገለባና የጠመኔ ብናኝ እየጎተተ ያስገባ ጀመር። በደስታ ጮኽን።

ለካ ማሽኑ የሚስበው ነገር የለም። ክንፉ አየሩን ወደ ኋላ ሲያስወጣ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ ከዚያ የውጭው አየር በአፉ ሲገባ አቧራውን እየገፋ ይዞት ይገባል። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101,325 ፓስካል ገደማ ነው። በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ያህል ሸክም ማለት ነው። እንደኛ ባለው ደጋማ አገር ግን ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው አሜሪካዊው የጽዳት ሠራተኛ ጄምስ ስፓንግለርም የመጀመሪያውን የሠራው ከሞተር፣ ከመጥረጊያ እጀታና ከትራስ ልብስ እንደሆነ በኋላ ሳነብ «እኛስ ምን አነሰን!» ብያለሁ።

የኤግዚቢሽኑ ቀን ጠዋት ባትሪዎቹ እንዳይደክሙብን ብዬ በአዲስ የቀየርኳቸው እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ጠረጴዛ ሊያመጣ ሄዶ ነበር። ሁለቱም ሽቦዎች ጥቁር ናቸው፤ የቱ ከየቱ እንደነበር አላስተዋልኩም። ልሞክረው ስል ተራችን ደረሰ። ዳኞቹ ጎንበስ ብለው ሲያዩ ጓደኛዬ አገናኘው። ክንፉ ወደ ተቃራኒው ዞረና ስንት ቀን ሲያጠራቅም የከረመውን ብናኝ ሁሉ ፊታቸው ላይ አራገፈው! አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ከኋላ አንዱ «የውጫሌ ውል ነው፣ ሁለት ትርጉም አለው!» ብሎ ጮኸ።

ከዳኞቹ አንዱ ኮታቸውን እያራገፉ «ማነው የገጠመው?» አሉ። ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞረ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ሽቦው በእሱ እጅ ነበርና ጥፋቱ የእሱ ሆነ። ደሴ ቀረ። እሱ ከዚያ ወዲያ በሳይንስ ክበብ በር አላለፈም። እኔ ግን ይኸው ፊዚክስ እየተማርኩ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ዘንድሮ ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ክፍል የሆነው ነው። አንዲት ተማሪ የሞተሩን ሽቦ አዛውራ አገናኘችና ክንፉ ወደ ኋላ ዞረ። «ማነው የገጠመው?» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። «ለምን ይመስላችኋል?» አልኩ። ያቺው ልጅ ራሷ እጇን አውጥታ አስረዳች። ያን ቀን እኛንም እንዲህ ብለው ጠይቀውን ቢሆን እላለሁ። ግን ይህ የእኔን ዝምታ አይሸፍነውም።

ማታውን ለጓደኛዬ ደወልኩ። «ያኔ ባትሪውን የቀየርኩት እኔ ነበርኩ» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ጠረጴዛውን ይዤ ስመለስ አይቼሃለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ዛሬ ነገ ይነግረኛል እያልኩ ቀረ። ይልቅ ሞተሩ አንተ ጋ ነው አይደል? ወንድሜ እስከ ዛሬ ይጠይቀኛል።»

ሞተሩ አሁንም ሻንጣዬ ውስጥ አለ። ለበዓል አገር ቤት ስገባ ይዤው እሄዳለሁ።